የግቢው በር ለጭሮ ልጃገረዶች መቼ ይከፈት?

መስከረም 2015 ዓ.ም. ሲያልቅ በአገሪቱ መንገዶች ላይ ያልተለመደ ጉዞ ታየ። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አንሶላና ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው፣ በአውቶቡስ ተጭነው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተመሙ። የመልቀቂያ ፈተናው በየትምህርት ቤቱ ሲሰጥ መሰረቅ ስላበዛ፣ ከዚያ ዓመት ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ ተወስኖ ነበር። ስልክ ተከለከለ። በር ላይ ፍተሻ ቆመ። ተማሪዎቹ ዶርም ገቡ፤ ተፈተኑ፤ ወጡ።

ከወራት በኋላ ውጤቱ ሲነገር አገር ደነገጠ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከፍ እያለ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደርሷል። ስለ እነዚህ ቁጥሮች ብዙ ተብሏል፣ ብዙም ተጽፏል። ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያለፈ ነገር ግን አለ።

ከገጠር ወረዳ ለመጣች አንዲት ልጅ ያ የፈተና ሰሞን በሕይወቷ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ አዳር ነው። ቤተ መጻሕፍቱን ከውጭ አየችው። ላቦራቶሪው ተቆልፎ ነበር። ግቢውን ያወቀችው እንደ ተፈታኝ እንጂ እንደ እንግዳ አይደለም። አብዛኞቹ ደግሞ በዚያው በር ከወጡ በኋላ አልተመለሱም። በሩን ያዩበት ቀንና በሩ የተዘጋባቸው ቀን አንድ ሆነ ማለት ነው።

ስለ ሴት ልጆች የክረምት የሳይንስና የቴክኖሎጂ ካምፕ ሲነሳ ጥያቄው መጀመር ያለበት ከዚህ ነው። የምዕራብ ሐረርጌ ልጅ የዩኒቨርሲቲን በር መጀመሪያ ማየት ያለባት መቼ ነው? በ12ኛ ክፍል ለፈተና? ወይስ በ7ኛ ክፍል ለመጠየቅ፣ ለመንካት፣ ለመሞከር? የአካባቢው የመቶ ዓመት ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው።

፩. የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ

ጭሮ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በጨርጨር ተራሮች ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ ይላታል። ያ ስም የመጣው ከራስ ተፈሪ ዘመን ነው፤ ከከተማዋ ማደግ ጋር ስማቸው አብሮ የሚነሳው ሰው ደግሞ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው።

ተክለ ሐዋርያት የተወለዱት በ1876 ዓ.ም. ነው። በልጅነታቸው ሐረር፣ ራስ መኮንን ቤት ገቡ። ከአድዋ ድል በኋላ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ ሳሉ ወደ ሩሲያ ተወሰዱ። እዚያ በሩሲያውያን እጅ አድገው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። በኋላም ስለ እርሻ ሳይንስ በአውሮፓ ቀሰሙ። አገራቸው ሲመለሱ ቋንቋ፣ ሒሳብ፣ መሬት መለካት፣ ዘመናዊ እርሻ የሚያውቅ ሰው ሆነው ነው። በ1910ዎቹ ዓ.ም. ጨርጨርን ሲያስተዳድሩም ግብርን፣ ዳኝነትንና የጽሕፈት ሥራን በሥርዓት አስይዘው ግዛቱን ለሌሎች አርአያ እንዲሆን አደረጉት። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት በእሳቸው እጅ ተረቀቀ። ኢጣልያ ልትወርረን ስትዘጋጅ ጄኔቫ ላይ ለኢትዮጵያ የተከራከሩትም እሳቸው ናቸው። በስተርጅናቸው የተመለሱት ወደዚሁ ወደ ጨርጨር ነው፤ ሒርና ላይ አርሰው ኖሩ።

ከዚህ ሁሉ አንዱን ነጥብ ነጥሎ ማየት ይገባል። ጨርጨርን የለወጠው እውቀት የተዘራው በአንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አእምሮ ላይ ነው። ዛሬ ቢሆን ያ ልጅ 6ኛ ወይም 7ኛ ክፍል ነበር። ከቤቱ ወጥቶ ሌላ ዓለም አየ፤ ዓለሙ በምን እንደሚሠራ የሚያሳዩት ሰዎች አገኘ። የቀረው ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

በዚያው ዘመን በጨርጨር የነበረች የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅስ? ለእሷ የተከፈተ በር አልነበረም። በአዲስ አበባ እንኳ የእቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው፤ የወንዶቹ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ። ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ርቃ ላለች ልጅ ያ ትምህርት ቤት ወሬ ነበር።

፪. ሐዲዱ ያልወሰዳት

ዘመናዊ ቴክኖሎጂ ወደ ምዕራብ ሐረርጌ የገባው ከተክለ ሐዋርያት አስተዳደር በፊት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በጨርጨር ተራሮች ግርጌ ያለውን ቆላ ተከትሎ፣ በሚኤሶ አድርጎ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ሚኤሶ የባቡር ጣቢያ ሆነች። ሎኮሞቲቭ፣ የእንፋሎት ሞተር፣ ቴሌግራፍ፣ በደቂቃ የሚቆጠር ሰዓት፣ ይህ ሁሉ በአርብቶ አደሩ መንደር ደጃፍ አለፈ።

ባቡሩ ብዙ ወንዶችን አስተምሯል። ድሬዳዋ ላይ ወርክሾፕ ነበረው፤ ብረት የሚቆርጡ፣ ቦይለር የሚጠግኑ፣ ቴሌግራፍ የሚመቱ ሰዎች ከዚያ ወጡ። ፈረንሳይኛ የሚናገር መካኒክ የድሬዳዋ ምልክት ሆኖ ነበር። ሴቶች ግን በባቡሩ ታሪክ ውስጥ የሚገኙት በሌላ በኩል ነው። በየጣቢያው ወተት፣ ፍራፍሬና እንጀራ ይዘው በመስኮት በኩል የሚሸጡት እነሱ ነበሩ። ባቡሩን ለዓመታት በየቀኑ አዩት፤ በምን እንደሚሄድ የነገራቸው አልነበረም።

ዛሬም በሚኤሶ የሚያልፍ ባቡር አለ። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ በኤሌክትሪክ ይሠራል። የሚኤሶ ልጅ ዛሬም ከመንደሯ ሆና ታየዋለች። ጥያቄው ከመቶ ዓመት በፊት የነበረው ነው፤ ያ ሽቦ ምን ያህል ኃይል እንደሚሸከም፣ ጭስ ሳይኖረው በምን እንደሚጎትት የሚያስረዳት ማን ነው?

ሕጉም በዘመኑ ከጎኗ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ ለወንዱ 18 ዓመት ወስኖ። ይህ ማለት 9ኛ ክፍል መሆን በሚገባት ዕድሜ ልጅቷ በሕግ ፊት ለትዳር ደርሳለች ማለት ነው። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ወደ 18 ያሳደገው በ1992 ዓ.ም. ነው። አርባ ዓመት ማለት አንዲት እናትና አንዲት ልጅ ማለት ነው። ዛሬ በ7ኛ ክፍል ያለችውን ልጅ ያሳደገችው አያት ብዙውን ጊዜ በዚያ በአሮጌው ሕግ የተዳረች ናት።

፫. ከፍኖተ ሰላም ወደ አለማያ

በ1940ዎቹ ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር ተስማምታ የእርሻ ኮሌጅ ለማቋቋም ስትነሳ የተመረጠው ቦታ ሐረርጌ ነበር። የአለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከጭሮ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ተተከለ። ሐረርጌ በአንድ ጊዜ የአገሪቱ የእርሻ ሳይንስ ማዕከል ሆነች። ለዓለም በማሽላ ምርምራቸው የሚታወቁትና እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የዚህ ኮሌጅ ፍሬ ናቸው።

ከዚሁ ግቢ የወጣች ሴትም አለች። ሰገነት ቀለሙ የተወለዱት በጎጃም፣ ፍኖተ ሰላም ነው። እሳቸው ደጋግመው እንደተናገሩት፣ በዘመኑ እኩዮቻቸው ሲዳሩ እሳቸው አስቸጋሪ ልጅ ስለነበሩ የሚደፍራቸው ጠያቂ ጠፋ። ያ እምቢተኝነት አለማያ አደረሳቸው። በ1971 ዓ.ም. ተመረቁ። ከዚያ በአሜሪካ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪያቸውን ሠርተው፣ በኮሎምቢያ ለዓመታት የሣርና የከብት መኖ በሽታዎችን ተመራመሩ። በኋላ ናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል በዋና ዳይሬክተርነት መሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 የሎሬያል–ዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተሸለሙ።

የዶክተር ሰገነት ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ማበረታቻ ይነገራል። ግን ታሪኩ የሚያስደነግጥም ጎን አለው። አንዲት ዓለም የሸለማት ሳይንቲስት የተረፈችው በጠባይዋ ነው። ጠባይዋ ለስለስ ያለ ቢሆን ኖሮ አገር ሳይንቲስት ታጣ ነበር። ታዛዥ ሆነው የተዳሩት፣ ከእሷ ያላነሰ ጭንቅላት የነበራቸው ልጆች ስንት ናቸው? አገር ሳይንቲስቶቿን በእምቢተኝነት ዕድል ልታገኝ አይገባም። ታዛዥዋም፣ ዓይን አፋርዋም፣ አባቷን የምትፈራውም ልጅ የምትገባበት በር ያስፈልጋል።

ሌላም ነገር አለ። ሰገነት ቀለሙ ወደ ሐረርጌ የመጡት ከጎጃም ነው። ኮሌጁ ከምዕራብ ሐረርጌ ልጃገረዶች የአንድ ቀን መንገድ ብቻ ይርቅ ነበር። መቅረቡ ግን ለእነሱ ብቻውን አልበቃም። በር ሩቅ ስለሆነ ብቻ አይዘጋም፤ ቅርብ ሆኖም የተዘጋ በር አለ።

፬. ክረምት ድሮም ትምህርት ቤት ነበር

«ካምፕ» የሚለው ቃል ከውጭ የመጣ ስለሆነ ነገሩም እንግዳ የሚመስላቸው አሉ። ክረምትን ለትምህርት ማዋል ግን ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ሰገነት ቀለሙ በተመረቁበት በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ክረምት ነበር። ተማሪውና መምህሩ ከእረፍት ይልቅ ወደ ገበሬ ማኅበር ተሰማራ፤ በየዛፉ ሥር ሰሌዳ ተሰቀለ። ዘመቻው በብዙ ቋንቋዎች፣ ኦሮምኛን ጨምሮ፣ ፊደል አስቆጠረ። ከፊደል ቆጣሪዎቹ ውስጥ እጅግ ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። የደርግ ዘመን ብዙ ቁስል አለው፤ ዘመቻውም ከግዳጅና ከፖለቲካ ንጹሕ አልነበረም። ቢሆንም አንድ ነገር አሳይቷል፤ መንግሥትና ሕዝብ ከቆረጡ የክረምት ጥቂት ሳምንታት ብዙ ይሠራሉ።

መምህራን ዲግሪያቸውን የሚያሻሽሉት እስከ ዛሬ በክረምት ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በሐምሌና በነሐሴ ባዶ አይደሉም፤ «የክረምት ተማሪ» የሚባለው ጎልማሳ መምህር ደብተሩን ይዞ ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም ተፈታኙ ተጨምሯል። ስለዚህ በክረምት ዶርም መክፈት፣ ካፌ ማንቀሳቀስ፣ ጥበቃ ማቆም ለግቢዎቹ የታወቀ ሥራ ነው። እስከ ዛሬ ያልተለመደው የ13 ዓመት ልጃገረድን በዚያ ዶርም ማሳደር ነው።

፭. ሌላው ዓለም ምን ሞከረ?

እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሴቶች ማኅበር አንድ የከነከነ ዘገባ አወጣ። ዘገባው ትምህርት ቤቶች ሴት ልጆችን እንዴት እንደሚበድሉ ያሳየ ነበር፤ በሳይንስና በሒሳብ በኩል ልጃገረዶች ወደ ኋላ የሚቀሩት ችሎታ አንሷቸው ሳይሆን በመካከለኛ ደረጃ ላይ በራሳቸው ማመን ሲያቆሙ መሆኑ አሳሳቢ ሆነ። በ1998 የማኅበሩ የካሊፎርኒያ ሴቶች በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቴክ ትሬክ የተባለ ካምፕ ጀመሩ። አሠራሩ ቀላል ነው። የሒሳብና የሳይንስ መምህራን 7ኛ ክፍል ያሉ ልጃገረዶችን ይጠቁማሉ። የተመረጡት በክረምት እረፍታቸው አንድ ሳምንት ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ ያድራሉ፤ ላቦራቶሪ ገብተው በእጃቸው ይሠራሉ፤ ሳይንቲስት ከሆኑ ሴቶች ጋር ይገናኛሉ። ወጪው የሚሸፈነው በአብዛኛው የአካባቢው ሴቶች በሚያዋጡት ነው።

ሀብታሟ አገር እንኳ ላቦራቶሪ በሞላበት ትምህርት ቤት የምትማረውን ልጅ ዶርም ድረስ ወስዳ ማሳየት እንዳስፈለጋት ልብ ይሏል። የመረጠችው ክፍልም 11ኛ ወይም 12ኛ አልነበረም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብን አጣምሮ «ስቴም» በሚል ስም የሚያስተምር ማዕከል በቢሾፍቱ፣ ፎቃ በተባለ ቦታ በአንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ ድጋፍ ተከፈተ። ልጆች ከመደበኛ ትምህርታቸው ውጭና በእረፍት ጊዜ ኮምፒውተርና ኤሌክትሮኒክስ እየነኩ የሚማሩበት ነበር። ሐሳቡ ከዚያ ወደ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተዛመተ። በአዲስ አበባ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩትና የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በክረምት ታዳጊዎችን መልምለው ማሠልጠን ጀምረዋል።

ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን፣ የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ጉዳይ ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በጋራ የጀመሩት የአፍሪካ ልጃገረዶች የኮዲንግ ካምፕ በአዲስ አበባ ተካሄደ። ከ30 በላይ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ከ80 የማያንሱ ልጃገረዶች ተሰበሰቡ። ፕሮግራም ጻፉ፤ ሮቦት ገጣጠሙ፤ አገር ለአገር ተዋወቁ። መልካም ሥራ ነበር። ዕድሜያቸው ግን ከ17 እስከ 20 ነበር። በአፍሪካ ገጠሮች እስከ 17 ዓመቷ ትምህርት ቤት የቆየች ልጅ ዋናውን ወንፊት አልፋለች። ካምፑ የደረሰላቸው ለተረፉት ነው።

ከሐረርጌ የወጣችውን የቤተልሔም ደሴን ታሪክ እዚህ ላይ ማንሳት ተገቢ ነው። ቤተልሔም የተወለደችው በሐረር ነው። በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ውስጥ ኮምፒውተር መነካካት ስትጀምር ዕድሜዋ 9 ዓመት ነበር። ገና በወጣትነቷ ሶፍትዌር ሠሪ ሆነች፤ በኋላም በአይኮግ ላብስ ስንት ልጆች ኮድ የተማሩባቸውን ፕሮግራሞች መራች። የእሷም ታሪክ እንደ ተክለ ሐዋርያት ነው፤ በሩ የተከፈተው በጊዜ ነው። ልዩነቱ፣ የቤተልሔም በር የአባቷ ሱቅ ነበር። አባቷ ማሽላ ዘርቶ ጫት የሚተክልባት ልጅስ በሯ የት ነው?

፮. ለምን 7ኛና 8ኛ ክፍል?

ለምዕራብ ሐረርጌ ልጅ እነዚህ ሁለት ዓመታት ሦስት ነገሮች የሚገናኙባቸው ናቸው።

አንደኛው ቋንቋ ነው። በኦሮሚያ ልጆች ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ። 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ሳይንሱ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆናል። በ8ኛ ክፍል ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት በቃሏ አስረድታ የምትከራከር ልጅ በ9ኛ ክፍል ዝም ትላለች። ሳይንሱ ጠፍቷት አይደለም፤ የመጠየቂያ አፏ ተወስዶባት ነው። ስለዚህ 7ኛና 8ኛ ክፍል በገዛ ቋንቋዋ «ለምን?» የምትልባቸው የመጨረሻ ዓመታት ናቸው። ከዚያ በፊት ሳይንስን በእጇ ከነካች፣ እንግሊዝኛው ሲመጣ የምታውቀውን ነገር አዲስ ስም ትማራለች። ሳትነካ ከደረሰች ግን የማታውቀውን ነገር በማታውቀው ቋንቋ ትሸመድዳለች። በጭሮ የሚደረግ ካምፕ በእንግሊዝኛ ስላይድ የሚካሄድ ከሆነ ግንቡን ሁለት ዓመት ቀድሞ ማቆም ነው።

ሁለተኛው ትዳር ነው። ሕጉ 18 ቢልም ልጅ የሚታጨው ሕጉን አይቶ አይደለም። ከአማራ ክልል የተገኘ አንድ ልምድ እዚህ ያስተምራል። በ1996 ዓ.ም. ገደማ በሞሰቦ አካባቢ ብርሃነ ሔዋን የሚባል ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር። ልጃገረዶችን በቡድን ያሰባስባል፤ የትምህርት መሣሪያ ያቀርባል፤ ማኅበረሰቡን ያወያያል፤ መጨረሻ ላይም ልጅቷ ሳትዳር ከቆየች ለቤተሰቡ የቤት እንስሳ ይሰጣል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲጠና፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች ትምህርት ቤት የመቆየታቸውና ሳይዳሩ የመቆየታቸው ነገር በግልጽ ተሻሽሎ ተገኘ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ላይ ግን ያ ጥበቃ አልታየም። ይህ ለካምፕ አዘጋጆች ሁሉ ሊጻፍ የሚገባው ቁም ነገር ነው። ከ15 በፊት የደረሰ እጅ ይይዛል፤ ከዚያ የዘገየ እጅ ባዶውን ይመለሳል።

ሦስተኛው ሥራ ነው። ክረምት ለከተማ ልጅ እረፍት ነው፤ ለገጠር ልጅ ግን የማሽላ አረም፣ የጫት ለቀማ፣ የከብት ጥበቃ ጊዜ ነው። ሴት ልጅ ደግሞ ውኃውም፣ እንጨቱም፣ የታናናሾቿ ጥበቃም አለባት። ጠዋት ገብተው ማታ የሚወጡበት ካምፕ ጭሮ ከተማ ላይ ቢከፈት የሚገቡት በእግር የሚደርሱት፣ ማለትም የከተማው ሠራተኛና ነጋዴ ልጆች ናቸው። የገለምሶዋ፣ የበዴሳዋ፣ የመቻራዋ፣ የአሰቦቷ ልጅ ስሙንም አትሰማ። የአዳር ካምፕ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አዳር ሲባል ደግሞ አባት የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። የት ታድራለች? ማን ይጠብቃታል? ምን ትበላለች? ትሰግድበት ዘንድ ቦታ አለ? ይህ ጥያቄ ኋላ ቀርነት አይደለም፤ ልጁን የሚወድ ሰው ጥያቄ ነው። መልሱም በንግግር አይሰጥም። በሴት መምህራን፣ በሴት ጥበቃ፣ በተለየ የሴቶች ሕንፃ፣ ልጆቹን ይዘው በመጡ እናቶችና አክስቶች ይሰጣል። የመጀመሪያውን ቀን እናቲቱ ግቢው ውስጥ ካደረች፣ በቀጣዩ ዓመት የጎረቤቷን ልጅ ፈቃድ የምታስገኘው ራሷ ናት።

፯. ዋሻው

ለካምፕ የሚሆን ሳይንስ ከውጭ በካርቶን ተጭኖ መምጣት አለበት የሚል አስተሳሰብ አለ። የምዕራብ ሐረርጌ ነገር ግን ሌላ ነው።

በመቻራ አካባቢ የኖራ ድንጋይ ዋሻዎች አሉ። በውስጣቸው ውኃ እየተንጠባጠበ ለብዙ ሺህ ዓመታት የሠራቸው የድንጋይ ዓምዶች ቆመዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ምድር ተመራማሪ ፕሮፌሰር አስፋወሰን አስራትና የውጭ ባልደረቦቻቸው ከእነዚያ ዓምዶች ናሙና ወስደው የጥንቱን ዝናብ አንብበዋል። ድንጋዩ እንደ ዛፍ ግንድ በንብርብር ያድጋል፤ የንብርብሩ ውፍረትና በውስጡ ያለው የኦክስጅን ዓይነት ዝናቡ የበዛበትንና ያነሰበትን ዘመን ይናገራል። ጥናቱ በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ታትሟል። ድርቅ ደጋግሞ በሚመታው በዚህ ምድር ላይ የዝናብ ታሪክ መዝገብ ያለው በመቻራ ልጆች እግር ሥር ነው።

እዚያው መቻራ የእርሻ ምርምር ማዕከል አለ፤ የሐረርጌን ቡናና ሌሎች ሰብሎች ያጠናል። ከጭሮ ሳይርቅ በቁኒ ሙክታር ተራራ ደን ለደጋ አጋዘን ተብሎ የተከለለ ቦታ አለ። ሚኤሶ ላይ የኤሌክትሪክ ባቡር ያልፋል። ጭሮ ላይ፣ በኢቱና በሁምበና ኦሮሞ ጥንታዊ የገዳ ሸንጎ ስም የተሰየመው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አለ። ጎሳው በኦዳው ጥላ ሥር ተሰብስቦ ሕግ ይደነግግ ነበር፤ ዛሬ ስሙ በላቦራቶሪና በቤተ መጻሕፍት በር ላይ ተጽፏል። ስለዚህ የሁለት ሳምንት ካምፕ ሥርዓተ ትምህርት ከዚሁ ከዞኑ ይወጣል። አንድ ቀን ዋሻ፤ አንድ ቀን የቡና በሽታ በማይክሮስኮፕ፤ አንድ ቀን ሐዲድ፤ የቀረው ኮምፒውተር ላይ፣ የሰበሰቡትን የዝናብና የሙቀት ቁጥር በሠንጠረዥ አድርጎ ማንበብ።

በካምፕ ላይ የሚነሳው ትችት እዚህ ላይ መደመጥ አለበት። «ሁለት ሳምንት ምን ይለውጣል? ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ያበቃል። ያንን ገንዘብ ለትምህርት ቤት ላቦራቶሪ አውሉት» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። በአገራችን በፎቶ የተጀመረና በፎቶ ያለቀ ብዙ ነገር አለ። ልጅቷ ካምፕ ላይ ማይክሮስኮፕ አይታ ስትመለስ ትምህርት ቤቷ ውስጥ ያለው ማይክሮስኮፕ በመጽሐፉ ላይ የተሳለው ብቻ ከሆነ፣ ካምፑ ቁጭት እንጂ እውቀት አልሰጣትም።

ነገር ግን ላቦራቶሪና ካምፕ አንዱ የሌላው ጠላት አይደሉም። ያለ ሰው የተሠራ ላቦራቶሪ ምን እንደሚሆን ይታወቃል፤ ቁልፉ ርእሰ መምህሩ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፣ አቧራ ይወርሰዋል። ካምፕ የሚሠራው ቁልፉን የሚጠይቅ ሰው ነው። ለዚህ ግን ልጅቷ ብቻዋን መምጣት የለባትም። ከእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሁለት ወይም ሦስት ልጃገረዶች ከአንዲት የጠቅላላ ሳይንስ መምህርት ጋር ይምጡ። ሲመለሱ መምህርቷ በአገኘችው ቀላል መሣሪያ፣ በባትሪ፣ በሽቦ፣ በማጉያ መስተዋት፣ የሳምንት አንድ ቀን ክበብ ትክፈት። በመስከረም የሚቀጥል ነገር የሌለው የነሐሴ ካምፕ ባይጀመር ይሻላል። የሚቀጥል ከሆነ ግን ሁለቱ ሳምንታት ዘር ናቸው፤ ዘር ደግሞ በመጠኑ አይናቅም።

የቅርብ ዓመታት የ12ኛ ክፍል ፈተና በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ይጠናቀቃል። ነሐሴ አለ። በሺህ የሚቆጠር ተፈታኝ የሚያስተናግዱ ግቢዎች ለ60 ልጃገረዶች ሁለት ሳምንት አይጠብባቸውም። ለአንዱ አልጋ፣ ምግብና ጥበቃ ከተገኘ ለሌላውም ይገኛል። ጥያቄው የፈቃድ ነው።

ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ በፊት አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በር ተከፍቶለት ዓለምን አየ፤ ተመልሶም ጨርጨርን አቀና። ከአርባ ዓመት በላይ በፊት አንዲት እምቢተኛ ልጅ በሩን ገፍታ ገባች፤ ዓለም ሸለማት። ከሃያ ዓመት ያነሰ ጊዜ በፊት አንዲት የዘጠኝ ዓመት የሐረር ልጅ የአባቷ ሱቅ በር ሆናት። ሦስቱም ታሪኮች የሚናገሩት አንድ ነገር ነው። ልጅ ጎድሎ አያውቅም፤ የጎደለው በጊዜ የሚከፈት በር ነው።

የዘንድሮዋ የ7ኛ ክፍል ልጅ ከአምስት ዓመት በኋላ ብርድ ልብሷን ጠቅልላ ለፈተና ዩኒቨርሲቲ መግባቷ አይቀርም። ያን ጊዜ በሩ ላይ ስትደርስ ሁለት ዓይነት ልጅ ልትሆን ትችላለች። አንደኛዋ ግቢውን ለመጀመሪያ ጊዜ አይታ በፍርሃት የምትንቀጠቀጥ ናት። ሁለተኛዋ «ያ ሕንፃ ላቦራቶሪው ነው፤ የቡናውን ቅጠል ያየሁት እዚያ ነው» ብላ ለጓደኛዋ የምታሳይ ናት። የትኛዋ እንደምትገባ የሚወሰነው ግን በፈተናው ቀን ሳይሆን ዛሬ ነው።